መልስ ሰባት

ጳጉሜ ሁለት፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ አባቷ ለዙሁር ሶላት መስጊድ ሄደው ሳለ፣ ሰዓደት አዩብ ጎጃም በረንዳ ባለው ሱቃቸው ውስጥ ከብርድ ልብስ ክምር ላይ ጉብ ብላ ዓመቱን ትገመግም ነበር። አገር የሚያስተዳድሩት እንኳ ዓመታቸውን እንዲህ በቁም ነገር አይገመግሙም። ምን ታድርግ፤ በማኅበራዊ ሚዲያ ገጿ ላይ ስልሳ ሁለት ሺህ ሴት፣ ጥቂት ወንድም ተደባልቆበት፣ «የዓመቱ አሥር ታላላቅ ትምህርቶች ከራዲያ» የሚለውን ጽሑፍ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

ራዲያ እሷ ራሷ ናት። በእውነተኛ ስሟ ያልጻፈችበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷት ያላገባች ልጃቸው ለስልሳ ሁለት ሺህ ሰው የባል አያያዝ እንደምታስተምር ሐጂ አዩብ ቢሰሙ፣ ስልኩን ይዘው በቀጥታ ወደ ምን አለሽ ተራ ነበር የሚወርዱት፤ ቀጥቅጠው የከሰል ምድጃ እንዲያደርጉላቸው።

ዓመቱ እንግዲህ እንዲህ ነበር። መስከረም ላይ «ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት የምትነሳ ሴት ሕይወቷን ትመራለች» ብላ ጀመረች። እሷ በዚያ ሰዓት የምትነሳው ሕይወቷን ልትመራ አይደለም። ቤታቸው ከሱቁ ጎን ነው፤ በመስኮቷ ሥር ጭነት የሚያራግፉ ሰዎች «ያዝ! ልቀቅ! እግሬን አንተ!» ማለት ከጀመሩ እንኳን ሰው ሬሳም አይተኛም። ኅዳር ላይ ፊትን በእርድ ማሸት እንዴት እንደሚያበራ አስተማረች። በእርግጥም አበራ። ሦስት ቀን ሙሉ ብጫ ሆና ስትዞር እናቷ እትዬ ሀስና «ልጄን የወፍ በሽታ ገደለብኝ» ብለው ሰፈሩን ሰብስበው ዱዓ አስደረጉላት። ፎቶው ግን ማለፊያ ነበር፤ አራት ሺህ ሰው ወደደው።

ጥር ላይ «ጥቂት ዕቃ፣ ሰፊ ሕይወት» መጣ። ይህን የጻፈችው አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሲሆን አልጋዋ ደግሞ በብርድ ልብስ እስር መካከል የተቀበረ ነው። ሐጂ አዩብ መጋዘኑ ሲሞላባቸው ትርፉን ወደ ቤት፣ ቤቱ ሲሞላባቸው ወደ ልጃቸው ክፍል ያስገባሉ። በክፍሉ ውስጥ የቀረችው ባዶ ቦታ አንዲት መስገጃ የምታስነጥፍ ጥግ ብቻ ናት። ዓመቱን ሙሉ «የራዲያ ሰላማዊ ቤት» ተብላ የታየችው ያቺ ጥግ ናት፤ አጠገቧ የቆመው ተክልም የጎረቤት ነው። በረመዳን «ያለ ሳምቡሳ ማፍጠር ይቻላል» አለች። ይቻላል፤ እሷ አልሞከረችውም እንጂ።

ሚያዝያ ላይ ግን ሥራው ጠና። «ያልመጣን ሰው አትጠብቂ፤ አትደውዪ፤ አትጠይቂ» ብላ ስትጽፍ ስንቷ አለቀሰችላት። ግንቦት ላይ የዓመቱ አንደኛ ወጣ፦ «አይ ማለት አይ ማለት ነው።» እውነቱን እንነጋገር ከተባለ በዚህችኛዋ መቀለድ ነውር ነው። ከደሴ፣ ከሆሳዕና፣ ከጅማ ሴቶች ጻፉላት፤ አንዷ «በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አይ አልኩ፣ ሰማይም አልተደፋም» አለቻት። ሰዓደት ያንን አንብባ የምሯን አልቅሳለች። ክፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ደብዳቤው በዛ፤ ጎረፈ። አንድ ሰው ያን ሁሉ አንብቦ አይዘልቀውም ብላ አሥራ ሁለት መልሶች አዘጋጅታ ስልኳ ላይ አስቀመጠች። መልስ አንድ ለአማት፣ መልስ ሦስት ለማዲያት፣ መልስ አምስት ለቀናተኛ ባል፣ መልስ ሰባት ደግሞ «አይ» የሚል ቃል ለገባበት ሁሉ። ዓይኗን ጣል አድርጋ ቃሏን ታያለች፣ ትጫናለች፣ አለቀ። «ከልብ የምታዳምጥ እህት» የሚለው ማዕረግ የተሰጣት በዚያው ሰሞን መሆኑን ልብ በሉልኝ።

አሁን ስለ ጠሃ እናውራ፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው።

ጠሃ ከሐጂ አዩብ ሱቅ ፊት ለፊት ሳፋና ባልዲ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ቃል የማይበዛበት፣ ሰው ፊት ሲቆም እጁን የት እንደሚያደርገው የሚጠፋው ዓይነት። በሁለቱ ሱቆች መካከል ያለው መንገድ በክረምት መንገድ መሆኑ ያበቃል፤ ጭቃ ነው። ጠሃ ታዲያ አራት ክረምት ሙሉ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከደጃፉ ወጥቶ ሳፋዎቹን እየገለበጠ ይደረድራል፤ ሰዓደት በሳፋ ላይ ሳፋ እየረገጠች እንድትሻገር። ስንት ሳፋ እንደተሰነጠቀ አላህ ይወቀው። ሌላ ሰው ሲረግጥበት «ኧረ ወንድም፣ ዕቃ ነው!» ይላል። እሷ ስትረግጥ ግን ዞር ብሎ ሰማዩን ያያል።

ሰኔ ላይ፣ አረፋ ካለፈ በኋላ፣ እንደምንም ብሎ አንዲት ዓረፍተ ነገር አወጣ። «ሽማግሌ ብልክ ትቀየሚያለሽ?» አላት። ሰዓደት «አራት ዓመት ምን ስትሠራ ነበር?» ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ጭንቅላቷ ውስጥ ራዲያ ተቀምጣለች፤ ራዲያ ደግሞ ክብር ታውቃለች። «አባቴን ጠይቅ» አለችውና ቀሚሷን ሰብስባ ገባች።

በሐምሌ ሁለተኛው እሑድ ጠሃ የላካቸው ጋሼ ሙናዊር ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። ሐጂ አዩብ ሽማግሌ መመለስ ነፍሳቸው ነው። አርባ ዓመት ነግደው የመጀመሪያውን ዋጋ የተቀበሉበት ቀን የለም፤ «በአንድ ቃል የተሸጠ ዕቃ ገዢው ቤቱ ሄዶ ምን ጎድሎት ነው ይላል» ባይ ናቸው። ታላቋን ሀፍሷን ለመዳር ሽማግሌ አራት ጊዜ አመላልሰዋል፤ በአራተኛው አንዱ አዛውንት «ካልሰጣችሁን እዚሁ አንጥፉልን» ብለው ነበር። ስለዚህ ጢማቸውን ደባብሰው፣ «አይ፣ ልጃችን ገና ናት፤ አሁን አይሆንም፣ እናስብበት» አሉ።

«ገና? በሃያ ዘጠኝ?» አሉ እትዬ ሀስና ከጓዳ፣ ለራሳቸው።

ሽማግሌዎቹ ፈገግ ብለው ተነሡ። ወጉን የማያውቅ የለም፤ በሚቀጥለው እሑድ መመለሳቸው ነው። እትዬ ሀስናም በሚቀጥለው እሑድ ሳምቡሳ ጠበሱ። የመጣ የለም። በሦስተኛውም እሑድ ጠበሱ። የመጣ የለም። በአራተኛው ሳምቡሳው ቀረና እናትየው ባላቸውን በዓይን መጥበስ ጀመሩ።

ጠሃም ተለወጠ። ዝናቡ ይዘንባል፣ ሳፋ የለም። መቀመጫውን ከደጃፍ አንሥቶ ወደ ሱቁ ጀርባ ወሰደው፤ ሰዓደት ስታልፍ አንገቱን አያቀናም። ልቧ ቆሰለ። ሄዳ «ምን ሆነሃል?» ልትለው ስንቴ ተነሣች መሰላችሁ። ግን «ያልመጣን ሰው አትጠይቂ» ያለችው ራዲያ ከለከለቻት። ራዲያ ስልሳ ሁለት ሺህ ደጋፊ አላት፤ ሰዓደት አንድም የላት። እንዲህ አድርገው ሰባት ሳምንት ተቃጠሉ፣ እሱ ወዲያ ማዶ፣ እሷ ወዲህ ማዶ።

ወደ ጳጉሜ ሁለት እንመለስ። ከአሥሩ ትምህርቶች ዘጠኙን ጨርሳ «የዓመቱ ምርጥ ጥያቄና መልስ» የሚለው ቀርቷት ኢንቦክሷን ወደ ኋላ ትመረምር ጀመር። ሐምሌ ላይ «መንገደኛ» ከሚባል ሰው የመጣ አንድ ረዘም ያለ ደብዳቤ አገኘች። መልስ ሰባት ተሰጥቶታል። ይህቺ ትሆናለች ብላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አነበበችው።

«አሰላሙ ዓለይኩም እህት ራዲያ። አንዲት ልጅ አራት ዓመት በልቤ ይዤ ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ አይ አሉ። ሽማግሌዎቼ ወግ ነው፣ ደግመን እንሂድ ይላሉ። እኔ ግን ፈራሁ። እሷን ስጠይቃት ‹አባቴን ጠይቅ› ብላኝ ነበር። ምናልባት አልፈልግህም ማለት ከብዷት ይሆን? አንቺም ሴት ነሽና ታውቂዋለሽ። እሷን ከማስጨንቅ እኔ ብቀር ይሻለኛል። በዝናብ ጊዜ እንድትሻገር ሳፋ እደረድርላታለሁ፤ እሱንም ልተወው?»

ከሥሩ፣ በዚያው ደቂቃ፣ የራዲያ መልስ፦ «ውድ እህቴ፣ አይ ማለት አይ ማለት ነው። ደግሞ የሚጠይቅ ሰው አክባሪ አይደለም። ይራቅ፣ ከዓይን ይጥፋ፣ ደጅም አይርገጥ። ያንቺው ራዲያ።» መጨረሻው ላይ የአበባ ምስልም አለው።

«ውድ እህቴ» ነው ያለችው፤ ጢም ያለውን ሰው።

እሱም አመስግኖ መልሷል። «ጀዛኪላሁ ኸይረን። እሺ።»

ሰዓደት ያቺን «እሺ» ደግማ ደጋግማ አነበበቻት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ሲባል የምትሰማው ለሌላ ሴት የተነገረ ይመስላት ነበር። የወደደችው ሰው ምክር ፈልጎ በሯን አንኳኳ፤ እሷ ራሷ ናት በገዛ እጇ፣ በአበባ አሽሞንሙና፣ ያባረረችው። አፈረች። ከሀፍረቱ የባሰው ግን ንዴቱ ነው፤ የምትቆጣው ሰው ፈልጋ ከራሷ ሌላ አጣች።

መጀመሪያ በቀላሉ ልታመልጥ ሞከረች። ራዲያ ሆና ጻፈች፦ «ወንድሜ፣ ያኔ ተሳስቼ ነው። ወግ ከሆነ ደግመህ ላክ።» በብርድ ልብሶቹ መካከል አጮልቃ ስታይ ማዶ ጠሃ ስልኩን አወጣ፤ አነበበ፤ ቆየ፤ ጻፈ።

«እህት ራዲያ፣ አከብርሻለሁ። አይ አይ ነው ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፤ አስተማሪ ቢወላውል ተማሪ አይወላውልም። ለማንኛውም ሰኞ ወደ አገር ቤት እሄዳለሁ፤ እናቴ አንዲት ልጅ አይታልኛለች። ዱዓ አድርጊልኝ።»

ስልኩን ኪሱ ከቶ ባልዲ መደርደሩን ቀጠለ። እንዲህ ያለ ታዛዥ ተማሪ ለጠላትም አይስጥ!

ሰኞ። ቅዳሜ ነው ዛሬ። ሰዓደት ሱቁን ለማንም ሳትተው፣ ነጭ ጫማዋን እንዳደረገች፣ ጭቃው ውስጥ ገባች። ከኋላዋ ጋሪ የሚገፋ ሰው «ወግጂ እንጂ እህቴ!» ይላታል፤ መች ሰምታው። ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ተነክራ ማዶ ደረሰች። ጠሃ ከአንዲት ከክፍለ ሀገር ከመጡ ሴትዮ ጋር ዋጋ ይዟል። ቀና ብሎ ሲያያት እጁ ላይ ያለው ሳፋ ወደቀ።

«ራዲያ እኔ ነኝ» አለችው።

«የቷ ራዲያ?»

ስልኳን ዘረጋችለት። የራሱን ደብዳቤ፣ የራሱን «እሺ» አየ። አንዴ ስልኩን፣ አንዴ እሷን፣ አንዴ ጭቃ የበላውን ጫማዋን አየ።

«አንቺን ነው የጠየቅሁት?» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «አንቺን ራስሽን? ይራቅ ያልሽውም አንቺ ነሽ?»

«አንተ መሆንህን አላወቅሁም፣ ወላሂ።»

«ሳፋውን ጽፌልሽ ነበር እኮ፣ ሰዓደት። በመርካቶ ውስጥ ሳፋ የሚደረድርልሽ ስንት ሰው ነው?»

ሰዓደት አሥራ ሁለቱንም መልሶቿን በልቧ አገላበጠች፤ የሚሆን የለም።

«አላነበብኩትም» አለች። «‹አይ› የሚለውን ቃል ብቻ አይቼ ነው የመለስኩት።»

ጠሃ ስልኩን መለሰላት። ቢጮህባት በወደደች። «እንደ እኔ የጻፈልሽ ሌላው ሁሉስ?» አላት። «እነሱም እሺ ብለው ሄዱ?»

ይህቺን አልጠበቀችም። እንባዋ መጣ።

«ልጄ፣ ይኸኛው ሳፋ ስንት ነበር ያልከኝ?» አሉ ሴትዮዋ።

«ስለ ሌሎቹ የማደርገውን አደርጋለሁ» አለች ሰዓደት እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ። «ስለ አንተ ግን ስማኝ። አባቴ ያሉት የወግ ነው። እኔን የጠየቅኸኝ ቀን ልልህ የፈለግሁት ሌላ ነበር፤ ኩራት ያዘኝ። እኔ እሺ ነኝ። አንደኛውን ክረምት፣ ቀዩን ሳፋ ስረግጥ፣ ያኔም እሺ ነበርኩ።»

ሴትዮዋ ሳፋውን አስቀመጡ። «እሺ ብላሃለች እኮ! በል በዚሁ ደስታ ዋጋ ቀንስልኝ።»

ጠሃ ግን አልሣቀም። የወደቀውን ሳፋ አንሥቶ ጭቃውን በክርኑ ጠረገ፣ ወደ ቦታው መለሰ። ከዚያ እሷን ሳያይ፣ «እናስብበት» አለ።

ሐጂ አዩብ ከመስጊድ ሲመለሱ ልጃቸውን ብርድ ልብስ ውስጥ ተቀብራ ከለቅሶ ቤት በቀር የማይሰማ ዓይነት ለቅሶ ስታለቅስ አገኟት። ምን ሆንሽ ቢሏት የቆረጠችውን ቆርጣ፣ የዘለለችውን ዘልላ ነገረቻቸው። ሰው መክሮት እንደቀረ ነገረች እንጂ ራዲያን ዘለለቻት።

«እኮ ልጁን ደግመህ አትላክ ብሎ ማን መከረው?» አሉ ሐጂ አዩብ፣ ሽማግሌ የመመለስ ደስታቸውን የነጠቃቸውን ሰው ለማወቅ ቸኩለው።

«አንዲት... የስልክ ሴትዮ ናት፣ አባባ።»

«አላህ ልቦና ይስጣት።»

«አሚን» አሉ እትዬ ሀስና።

«አሚን» አለች ሰዓደት፤ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ከልቧ አሚን ብላ አታውቅም።

«ልጁስ አሁን ምን አለሽ?»

«እናስብበት አለኝ።»

ሐጂ አዩብ ከት ብለው ሣቁ። «እናስብበት አለ? አንቺ ሀስና፣ ሳምቡሳ ጥበሺ፤ ነገ ይመጣሉ!»

አባትየው ሣቁ እንጂ ሰዓደት አልሣቀችም። ጠሃ ያቺን ቃል በአባቷ ወግ ብሏት እንደሆነ፣ ወይስ ራዲያ እንዳስተማረችው ቁርጡን ነግሯት እንደሆነ በምን ታውቃለች? የዓመቱ አሥር ትምህርቶች ያን ቀን አልወጣም። በምትኩ መልስ ሰባትን አጥፍታ፣ አሥራ አንዱንም አከታትላ አጥፍታ፣ ከግንቦት የተላኩትን ደብዳቤዎች አንድ በአንድ ታነብ ጀመር። ለመጀመሪያዋ ሴት «ይቅርታ፣ የጻፍሽልኝን ያነበብኩት ዛሬ ነው» ብላ ጻፈች። ለሁለተኛዋም እንዲሁ።

በማግሥቱ ከዓሱር በኋላ ያ የጳጉሜ ሦስት ዝናብ ወረደ። ከራጉኤል በኩል በዝናቡ የሚታጠቡ ልጆች ጩኸት ይሰማል። ሳምቡሳው ቀዝቅዟል። እትዬ ሀስና ባላቸውን በዓይን መጥበስ ሊጀምሩ ሲሉ ሰዓደት በመስኮት አየች። ከማዶው ደጃፍ እስከ እነሱ ደጃፍ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አዳዲስ ሳፋ ተገልብጦ ተደርድሯል። ጋሼ ሙናዊር ጃንጥላ ይዘው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ አንዱን ሳፋ በእግራቸው ጫፍ እየሞከሩ ይሻገራሉ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ተከትለዋቸዋል። አንዱ ሳፋ ቀጭ ሲል «ዕቃ ነው፣ ዕቃ ነው!» የሚል ማንም አልነበረም።

ገቡ። አንቀመጥም አሉ። ጋሼ ሙናዊር የቆሙበት ሆነው ተናገሩ። «ሐጂ፣ ወግ ታውቃለህ፣ ወግ አውቃለሁ። ልጁ ግን ሌላ ትምህርት ገብቶበታል። ‹አንድ ጊዜ ብቻ ላሻግራችሁ፤ ዛሬም አይ ከተባለ ከእሷ ነው ብዬ እቀበላለሁ› ብሎናል። ሻንጣው ታሥሯል፤ ነገ ጧት ይሄዳል።»

ሰዓደት ከመጋረጃው ጀርባ ናት። አባቷን በክፍተቱ አየቻቸው። ሐጂ አዩብ ደስ ብሏቸዋል፤ ፊታቸው በርቷል፤ ለሀፍሷ አራት ጊዜ የተለመነ አባት ለሰዓደት በሁለት አይረታም። ጢማቸውን ደባበሱ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰውየው የሰሙትን የሰሙ አይመስሉም!

«እንግዲህ ሙናዊር ወንድሜ፣ ልጃችን ገና ናት» አሉ፣ ቃሉን እያጣጣሙ። «አሁን ባይሆን... እስቲ እናስ—»

«አስበናል!»

መጋረጃው ተገፍቶ ሰዓደት መሐል ቤት ቆማለች። የሳምቡሳው ሳህን ከእትዬ ሀስና እጅ ወደቀ። በመርካቶ ታሪክ ሽማግሌ ፊት እንዲህ ያለች ሴት ኖራ እንደሆነ እንጃ፤ ሦስቱ አዛውንቶች እንደማያውቁ ግን ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር።

«ማን ነው ያሰበው?» አሉ ጋሼ ሙናዊር ቀስ ብለው።

«እኔ» አለች። «አራት ክረምት አስቤያለሁ። ይበቃል፣ አባባ።»

ሐጂ አዩብ እጃቸው ጢማቸው ላይ እንደቀረ ልጃቸውን አዩ። በክፍቱ በር ከሳፋዎቹ ወዲያ ማዶ፣ ዝናብ ላይ፣ ያለ ጃንጥላ የቆመውን ሰው አዩ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፣ ሁለት የቀራቸውን እሑድ በረጅሙ ተንፍሰው ለቀቁት።

«እንግዲህ ሰማችሁ» አሉ። «አስበናል።»